የተከራይ ማስያዣ ገንዘብ፦ የት ይቀመጥ? ከምኑ ይቆረጥ? መቼ ይመለስ?

ጀማሪዋ አከራይ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቤት አከራያለሁ። ተከራዮቼ ባልና ሚስት ናቸው። አራት ዓመት ኖረውበት በዚህ ወር መጨረሻ ሊለቁ ነው። ሲገቡ የሁለት ወር ኪራይ አስይዘዋል። ገንዘቡ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ተቀምጧል፤ አልተነካም።

ትናንት አስፈቅጄ ገብቼ ቤቱን አየሁት። የሳሎኑ ቀለም ደብዝዟል። ሶፋው የነበረበት ግድግዳ ላይ ምልክት ቀርቷል። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ በቅባት ጠቁሯል። የመኝታ ቤቱ በር እጀታ ላልቷል። መግቢያው ላይ ያለው የእንጨት ወለል ተፍቋል። የእጅ መታጠቢያው ሳህን ደግሞ ከጠርዙ እስከ ውኃ መውረጃው ድረስ ተሰንጥቋል።

ወንድሜ «ማስያዣው ለዚህ አይደል እንዴ? ቤቱን አስቀቢበት፤ ምኑን ትመልሺዋለሽ» ይለኛል። ሰዎቹ ግን ኪራይ አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም። የማይገባኝን መውሰድ አልፈልግም፤ የሚገባኝንም ዝም ብዬ መተው አልፈልግም። ከምኑ ልቁረጥ? ለሚቀጥለው ተከራይስ ከመጀመሪያው እንዴት ልያዘው?

የቆየ አከራይ

እህቴ፣ ገንዘቡን ለብቻው ማስቀመጥሽ ትልቁን ጣጣ አስቀርቶልሻል። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከበር እጀታ አይደለም። አከራዩ ገንዘቡን ስለበላው ነው። ተከራዩ ሊለቅ ነው ሲባል የሚመልሰው ያጣል። ያን ጊዜ ጥፋት መፈለግ ይጀምራል። አራት ዓመት ያላያት ጭረት ሁሉ በአንድ ቀን ትታየዋለች።

ገንዘቡ የተከራዩ ነው። አንቺ ጋ የተቀመጠው በአደራ ነው። ከእሱ ላይ የምትወስጂው ምክንያቱን ማስረዳት የቻልሽበትን ብቻ ነው። ማስረዳት ያልቻልሽው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

አሁን ወደ ቤትሽ እንምጣ። የደበዘዘው ቀለም የአንቺ ወጪ ነው። ፀሐይና ዕድሜ ያደበዘዙትን ተከራይ አይከፍልም። የሶፋው ምልክትም እንደዚያው፤ ሰው ቤት ተከራይቶ ቆሞ አይኖርም። መግቢያው ላይ የተፋቀው ወለል ሰው ስለተመላለሰበት ነው፤ እሱም የአንቺ። እጀታው ከላላ እርጅና ነው፤ ተገንጥሎ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። የወጥ ቤቱ ቅባት ጽዳት ነው። ታጥቦ የሚለቅ ከሆነ እነሱ አጥበው ይውጡ።

የተሰነጠቀው ሳህን ግን ጉዳት ይመስላል። የሚያነጋግረን እሱ ብቻ ነው።

ሻንጣዬ በእጄ

በተከራይ በኩል አንድ ነገር ልበል፤ አከራዮች ብዙ ጊዜ ይህን አያስቡትም።

ከአንድ ቤት የሚለቅ ሰው ወደ ሌላ ቤት እየገባ ነው። አዲሱ አከራይ ማስያዣ የሚጠይቀው የድሮው ሳይመልስ ነው። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ ሁለት ማስያዣ ከኪሳችን ይወጣል። እቃ መጫኛም አለ፣ የመጀመሪያ ወር ኪራይም አለ። ለእናንተ «ሳምንት ቢቆይ ምን አለበት» የምትሉት ገንዘብ እኛን ብድር ውስጥ ይከተናል።

ባለፈው ከለቀቅኩበት ቤት ግማሹ ተቆርጦ ነው የተመለሰልኝ። ከስልክ መልእክቱ ጋር የመጣው ማብራሪያ «ጽዳትና እድሳት» የሚል ብቻ ነበር። ደረሰኝ ጠየቅኩ፤ መልስ የለም። ምን እንደታደሰ ጠየቅኩ፤ መልስ የለም። ቤቱን አጽድቼ፣ የምድጃውን ውስጥ ሳይቀር ፈትጌ ነው የወጣሁት። ተቆርጦ ቢሆንም እንኳ «ይህ ተሰብሯል፣ ይህን ያህል ወጣበት፣ ደረሰኙ ይኸው» ብባል እቀበል ነበር። ያናደደኝ መልስ መከልከሌ ነው።

ጀማሪዋ አከራይ፣ ብትቆርጪ እንኳ በዝርዝር ጻፊላቸው። የእያንዳንዷን ነገር ለብቻ።

ሒሳብ ነክ

የቆየ አከራይ ያለው ትክክል ነው፤ የጎደለው ስሌቱ ነው። ጉዳት ቢደርስ እንኳ ተከራይ የአዲስ ዕቃ ሙሉ ዋጋ አይከፍልም። የሚከፍለው ዕቃው በተበላሸበት ቀን የቀረውን ዋጋ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። የአንድ ቀለም ዕድሜ አምስት ዓመት ነው እንበል። ተከራዩ ሲገባ አዲስ ነበር። አራት ዓመት ከኖረ በኋላ ግድግዳው ላይ ቀለም ቢደፋ አከራዩ ሊጠይቅ የሚችለው የማስቀቢያውን አንድ አምስተኛ ነው። አራት አምስተኛውን ጊዜ ራሱ በልቶታል። ተከራዩ ሙሉውን ከከፈለ አከራዩ በነፃ አዲስ ቀለም አገኘ ማለት ነው።

ጃፓኖች ይህን በመመሪያ አስቀምጠውታል። የግድግዳ ወረቀት ዕድሜው ስድስት ዓመት ተብሎ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዋጋ አንድ የን ብቻ ነው። ከባድ የቤት ዕቃ ወለል ላይ የተወው ጉድጓድና በፀሐይ የደበዘዘ ግድግዳ የአከራዩ ናቸው። የሲጋራ ጭስ ያቢጫጨው ግድግዳ የተከራዩ ነው። ለማስታወቂያ የተተከለ የፒን ቀዳዳ ይታለፋል፤ ግድግዳውን የሰነጠቀ የምስማር ወይም የቡሎን ቀዳዳ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ደግሞ ተከራይ በተለመደ አጠቃቀም የመጣን ማርጀት እንዲያድስ እንደማይገደድ የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ውስጥ በግልጽ ገብቷል።

የሳህኑ ነገር ትንሽ ይለያል። ሴራሚክ እንደ ቀለም ቶሎ አያረጅም። አራት ዓመት ለሳህን ብዙ አይደለም። የሰበሩት እነሱ ከሆኑ ትልቁን ድርሻ ቢከፍሉ ፍትሐዊ ነው። የሚከፍሉት ግን ተመሳሳይ ሳህን ነው፤ የተሻለ ልግዛ ካልሽ ልዩነቱን አንቺ ትሸፍኛለሽ።

የቤት ባለቤት

ይቅርታ፣ እዚህ ክር ላይ አከራይ ሁሉ በተከራይ ገንዘብ የሚኖር መሰለ። ሌላውንም ወገን ስሙ። እኔ ቤት ተከራይ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ኪራይ መክፈል አቆመ። «ከማስያዣው ላይ ያዘው» አለኝ። ወጥቶ ስገባ የውኃና የመብራት ሒሳቡ አልተከፈለም፣ ሁለት በር ተገንጥሏል። ማስያዣው ለኪራዩ እንኳ አልበቃም። ይህ ማስያዣ ለማን ነው የተሠራው? ለእኔም ዋስትና እንጂ።

የቆየ አከራይ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ለአንተም ዋስትና ነው። ያልተከፈለ ኪራይ፣ ያልተከፈለ የመብራት ሒሳብ፣ የተገነጠለ በር፣ ይህ ሁሉ ከእሱ ላይ ይቆረጣል። ማንም አይከለክልህም። ለዚህም ነው «የመጨረሻውን ወር ከማስያዣው ያዘው» የሚለውን ጥያቄ የማልቀበለው። ማስያዣው በኪራይ ካለቀ፣ ተከራዩ በወጣ ማግስት ለምታገኘው ጉዳት ምንም አይኖርህም። ውሌ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፦ ማስያዣው የመጨረሻ ወር ኪራይ አይደለም። ስንፈራረም ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም።

የውል ሰው

የቤት ባለቤት ያነሱትን ሥጋት ብዙ አገሮች አይተውታል። ሁለቱንም ወገን ለመጠበቅ የሄዱባቸው መንገዶች ይለያያሉ፤ ለሁላችንም ትምህርት ስላላቸው የማውቃቸውን ላካፍል።

ጀርመን ውስጥ ማስያዣ ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ የመገልገያ ሒሳብ ሳይጨመር ማለት ነው። ተከራዩ ከፈለገ በሦስት እኩል ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላል። አከራዩ ገንዘቡን ከራሱ ሀብት ለይቶ ባንክ ማስቀመጥ አለበት፤ ወለዱም የተከራዩ ነው። መለየቱ ለምን አስፈለገ? አከራዩ ቢከስር አበዳሪዎቹ የተከራዩን ገንዘብ አብረው እንዳይወስዱት ነው። ስዊዘርላንድ ይህንኑ አጠንክራ ሒሳቡ በራሱ በተከራዩ ስም እንዲከፈት ታደርጋለች።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አከራይ ማስያዣውን ከተቀበለ በኋላ መንግሥት በፈቀደው የጥበቃ ሥርዓት ውስጥ ማስገባት አለበት። ጊዜው 30 ቀን ነው። ካላደረገ ፍርድ ቤት የማስያዣውን ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል። ሁለቱ ካልተስማሙ ያለ ክፍያ የሚዳኝ ሰው አለ፤ እሱም የሚነሳው «ገንዘቡ የተከራዩ ነው፤ አከራዩ ያስረዳ» ከሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ መጠኑም ተገድቧል፤ ለአብዛኛው ቤት የአምስት ሳምንት ኪራይ ነው።

ኒውዚላንድ ደግሞ ገንዘቡን ከአከራዩ እጅ ጨርሶ አውጥታዋለች። ቢበዛ የአራት ሳምንት ኪራይ ነው፤ በ23 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይገባል። ሲለቁ ሁለቱ ፈርመው ያስለቅቁታል። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስም በዚሁ መንገድ ነው የምትሠራው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን የመጨረሻውን ነው። ገንዘቡ ሦስተኛ ወገን ጋ ሲሆን አከራዩ ለመብላት አይፈተንም፤ ተከራዩም «ከማስያዣው ያዘው» ብሎ አያመልጥም።

የቤት ባለቤት

ይኼ መንግሥት ጋ ማስገባት የሚሉት ነገር ባለበት አገር ጥሩ ነው። በሌለበትስ? ደግሞ ወለድ ልከፍለው ነው እንዴ?

የውል ሰው

በሌለበት ቦታ ለዚህ ብቻ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይበቃል። ጀማሪዋ አከራይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሁለት ቤት ካለዎት ሁለት የጽሑፍ መዝገብ ይያዙ፤ የማን ገንዘብ ስንት እንደሆነ ይታይ። ወለዱን በተመለከተ የአካባቢዎ ሕግ ካስገደደ ይከፍላሉ። ካላስገደደም ሒሳቡ ወለድ ካስገኘ መስጠቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የወለደው የእሱ ገንዘብ ነው። ቢያንስ ወለዱ ለማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ጀማሪዋ አከራይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀለሙንና ወለሉን ትቻለሁ፤ ገብቶኛል። ግን አንድ ችግር አለ። ሲገቡ ርክክብ ያደረግነው በቃል ነው፤ ያን ጊዜ ቤቱን ያከራየችው እናቴ ነበረች። ፎቶ የለም። ሳህኑ ያኔ ደህና እንደነበር ግን እናቴ ታስታውሳለች።

ሻንጣዬ በእጄ

ተከራዮቹ «ስንገባም እንዲሁ ነበር» ቢሉሽስ? ማን ይመሰክራል?

ቁልፍ ያዥ

ሥራዬ ቤቶችን ለባለቤቶቻቸው ማስተዳደር ነው። ርክክብ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

መጀመሪያ ስለ ሳህኑ። ሲገቡ የነበረውን የሚያሳይ ነገር ከሌለ አስገድደሽ መቁረጥ አይገባሽም። የእናትሽ ትዝታ ማስረጃ ተብሎ ቢቀርብ የእነሱም ትዝታ እኩል ይቀርባል። ስለዚህ በጨዋነት ጠይቂያቸው። «ይህ ሳህን መቼ ተሰነጠቀ?» በያቸው። አራት ዓመት በሰዓቱ የከፈሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ይነግሩሻል። ከካዱ ግን ተዪው።

ሁለተኛ፣ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቂ። ከመልቀቃቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ አብራችሁ ቤቱን ዙሩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተከራይ ይህን ቅድመ ፍተሻ የመጠየቅ መብት በሕግ አለው። ዓላማው ቀላል ነው፤ ተከራዩ ራሱ የሚያስተካክለውን ያስተካክል። ቅባቱን አንድ ቅዳሜ ያጥቡታል። እጀታውን በአንድ መፍቻ ያጠብቁታል። አንቺ ባለሙያ ጠርተሽ የምታወጪው ገንዘብም ከእነሱ አይቆረጥም።

ለሚቀጥለው ተከራይ ደግሞ ቁልፍ ከመስጠትሽ በፊት ባዶውን ቤት ፎቶ አንሺ። ብዙ ሰው ከበሩ ላይ ቆሞ የክፍሉን አጠቃላይ ያነሳል፤ ያ በቂ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጥግ ወደ ውስጥ አንሺ። ከዚያ ተጠጊ። የእጅ መታጠቢያውን ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥርም ቧንቧው የሚገጠምበትን አንሺ። ከበፊቱ የነበረ ጭረት ካለ እርሳስ ወይም ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጪ፤ ርዝመቱ እንዲታወቅ ነው። ምድጃውን ከፍተሽ ውስጡን አንሺ። የቁም ሳጥን መሳቢያዎችን፣ የመስኮት መዝጊያዎችን፣ የጣሪያውን የውኃ ምልክት። የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር በግልጽ እንዲነበብ አድርገሽ አንሺ። ስንት ቁልፍ እንዳስረከብሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድረሽ አንሺ። ቀኑ እንዲታወቅ በዚያኑ ዕለት ለተከራዩ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኪለት። እሱም ያላየሽውን ካየ በሳምንት ውስጥ ይላክልሽ።

ከዚያ አንድ ወረቀት። ክፍል በክፍል ያለው ሁኔታ ተጽፎ ሁለታችሁ ትፈርሙበታላችሁ። ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል ይባል የለ። ሲለቅ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ያንኑ መንገድ ትዞራላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ይህ የመግቢያና የመውጫ ሰነድ የሒሳቡ መሠረት ነው። ሁለቱ ከተመሳሰሉ ማስያዣው በአንድ ወር ይመለሳል። ልዩነት ካለ ሁለት ወር ይፈቀዳል። ከዚያ ለዘገየ ለእያንዳንዱ የተጀመረ ወር የወር ኪራዩ አሥር በመቶ ይጨመርበታል።

ሒሳብ ነክ

ለወጥ ቤቱ ቅባት አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለኝ፤ እዚህ ላይ ከየቆየ አከራይ ጋር ትንሽ እለያያለሁ። ምግብ ማብሰል የተለመደ አጠቃቀም ነው። ታጥቦ ጥቂት ጥላ ቢቀር እሱ እርጅና ነው። ለወራት ሳይጸዳ ቆይቶ ግድግዳው ውስጥ ከገባ ግን የጽዳት ጉድለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይታጠብ፤ ከዚያ ይታይ። ሳይታጠብ «ቀለም ያስፈልገዋል» ብሎ መወሰን ለሁለቱም ኪሳራ ነው።

የቆየ አከራይ

በዚህ እስማማለሁ።

የቤት ባለቤት

እሺ፣ የጊዜውን ነገር ንገሩኝ። በስንት ቀን ነው መመለስ ያለብኝ? የመብራት ሒሳብ እኮ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

የውል ሰው

መጀመሪያ የራስዎ አካባቢ ሕግና ውልዎ። ለማነጻጸር ያህል፣ ኒውዮርክ 14 ቀን ትሰጣለች፣ ካሊፎርኒያ 21። ሁለቱም ከተቆረጠ ዝርዝር ማብራሪያ አብሮ እንዲላክ ያስገድዳሉ። ኒውዮርክ ላይ በጊዜው ዝርዝሩን ያልላከ አከራይ የመቁረጥ መብቱን ያጣል። ሕጉ ዝም ያለበት ቦታ ከሆኑ ውልዎ ላይ ቀን ይጻፉ። ሁለት ሳምንት ለአብዛኛው ጉዳይ ይበቃል።

የመብራቱ መፍትሔ ደግሞ ቆጣሪው ነው። በወጣበት ቀን ቁጥሩን ሁለታችሁ አንብባችሁ ትፈርማላችሁ፤ ከባለፈው ሒሳብ ጋር አስልታችሁ ግምቱን ብቻ ይይዛሉ። የቀረውን ወዲያው ይመልሳሉ። ለአንድ የመብራት ወረቀት ብሎ ሙሉውን ማስያዣ ወር ሙሉ መያዝ ልክ አይደለም። ያልተጨቃጨቃችሁበት ገንዘብ ዛሬ ይሂድ፤ የተጨቃጨቃችሁበት ብቻ ይቆይ።

ሻንጣዬ በእጄ

ይህቺን የመጨረሻዋን ሁሉም አከራይ ቢያነባት ደስ ይለኛል። ለእኔም ግማሹ ወዲያው ቢመለስልኝ ኖሮ አዲሱ ቤት ስገባ ከሰው አልበደርም ነበር።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ሦስት ሆነን ነው የተከራየነው። አንዱ ሊወጣ ነው፣ ሁለታችን እንቆያለን። የእሱን ድርሻ አከራዩ ይመልስለት ወይስ እኛ?

ቁልፍ ያዥ

ውሉ የሦስታችሁ አንድ ውል ከሆነ ማስያዣውም የቤቱ ነው፤ ቤቱ እስኪለቀቅ አከራዩ ከፍሎ አይሰጥም። የተለመደው የሚገባው አዲስ ሰው ለሚወጣው ሰው ድርሻውን መክፈሉ ነው። ግን ይህን በመካከላችሁ ብቻ አትጨርሱት። አከራዩ የማያውቀው ሰው በኋላ «ማስያዣዬን» ቢለው አይሰማውም። ስሙ የወጣ፣ ስሙ የገባ፣ ድርሻው ለማን እንደተላለፈ የሚል አጭር ወረቀት አራታችሁም ከአከራዩ ጋር ፈርሙ። የሚወጣው ልጅ ሲወጣ ደግሞ ክፍሉን አብራችሁ እዩት። አለበለዚያ እሱ ያበላሸውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ቤቱ ቢሸጥም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሻጩ ማስያዣውን ለገዢው ማስረከቡን ለተከራዩ በጽሑፍ ያሳውቅ። ካልሆነ ሲለቅ ሻጩ «ገዢው ጋ ነው» ይላል፣ ገዢው «አልተቀበልኩም» ይላል፣ ሰውየው መሀል ላይ ይቀራል።

ጀማሪዋ አከራይ

እንደመከራችሁኝ ዛሬ ከተከራዮቹ ጋር አብረን ቤቱን ዞርን። ሳልጠይቅ ሚስትየው ራሷ ስለ ሳህኑ ነገረችኝ፤ ከመስታወቱ ሥር የነበረ የመስታወት ጠርሙስ ወድቆበት ነው። ዋጋውን አብረን ጠይቀን ሦስት አራተኛውን እነሱ፣ ቀሪውንና የገጣሚውን እኔ ለመክፈል ተስማማን። ቅባቱን እሑድ ያጥቡታል። እጀታውን ባልየው እዚያው እያወራን አጠበቀው።

ወንድሜ አሁንም ስለ ቀለሙ ይጨቀጭቀኛል። የሒሳብ ነክን ጽሑፍ ላክሁለት። ቀለሙን ከኪራዩ ነው የማስቀባው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ማስያዣውን ሲያስገቡ ከባልየው ሒሳብ ነው የመጣው። አሁን ሚስትየው በእሷ ሒሳብ እንድልክ ጠይቃኛለች። ችግር አለው?

የውል ሰው

ውሉ በሁለቱም ስም ከሆነ ሁለቱም በአንድ መልእክት ያረጋግጡልሽ፤ «ወደዚህ ሒሳብ ይላክ» ብለው ሁለቱም ይጻፉ። ያ ካልሆነ ወደ መጣበት ሒሳብ መልሺው። የላክሽበትን ማረጋገጫና የሳህኑን ደረሰኝ ከመውጫው ወረቀት ጋር አያይዘሽ አንድ ቅጂ ስጫቸው፤ አንዱ ደግሞ አንቺ ጋ ይቀመጥ።